የቀኝ እጄ ጉዳይ

ታኅሣሥ 20
የተፈጨ በርበሬ ስመዝን ቀኝ እጄ ዘለለ። ቦነነ። ደንበኛው ሦስቴ አስነጠሰው። ይቅርታ ብዬ ሳልጨርስ፣ «ሸረፋ፣ የዘንድሮው ጥራት አለው» ብሎ ተጨማሪ ኪሎ ገዛ።

እጄ ዝም ሲል ጨዋ ነው። የሚያብደው ወደ አንድ ነገር ስዘረጋው ነው። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪም መልቲፕል ስክለሮሲስ አሉት፤ የነርቭ ነው። ሁለት ዓመቱ። ከቤተሰብ በቀር የሚያውቅ የለም።

ታኅሣሥ 24
የወልቂጤው ዑመይር ልጄን ፈቲሀን ሊያገባ ነው። ኒካሕ ላይ አባት የሙሽራውን እጅ ይዞ «ሰጥቻለሁ» ይላል። በቀኝ እጅ...

ወንድሜ ከድሮ፣ «ወኪል ልሁንልህ፤ ያው ነው» አለኝ። ያው ነው? ያለችኝ አንድ ልጅ! ግን የዑመይር ዘመዶች እጄን አይተው በዘር የሚሄድ ቢመስላቸውስ?

ታኅሣሥ 27
ሆስፒታል። ፊዚዮቴራፒስቷ ናዝሬት አንጓዬ ላይ የአሸዋ ከረጢት አሰረችልኝ። «ሲዘረጉ ክርንዎን ከጎንዎ አያላቁት።» ማንኪያው አፌን አገኘው። ደስ አለኝ።

ለኒካሑ ይሆን? ቤት ገብቼ ከረጢቱን አስሬ ጀለቢያዬን ለበስኩበት። ባለቤቴ ዘይባ፣ «ከጀለቢያው ሥር የሰው ቦርሳ የደበቅክ ትመስላለህ» አለች።

ጥር 3
የዑመይር አጎቶች መጡ። ለመንቀጥቀጡ ማታ አንድ የምውጠውን ክኒን በቀን ሁለት ዋጥኩ። እጄ ድንጋይ ሆነ። እኔም። የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ ቁጭ ብዬ ተኝቼ ነበር። ትልቁ አጎት፣ «ረጋ ያለ ሰው ነው» አሉ አሉ።

ጥር 4
ናዝሬት ተቆጣች። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይጨመራል? ትንፋሽዎን ቢያቆመውስ?»
«መንቀጥቀጡን ጨርሶ የሚያቆም መድኃኒት የለም?» አልኳት።
«ለእንደዚህ ዓይነቱ የለም።»
እንግዲህ ወይ ረግቼ ልተኛ፣ ወይ እየተንቀጠቀጥኩ ልንቃ።

ጥር 16
ነገ ነው። በቀን ክኒን የለም። ከረጢትም የለም። ፈራሁ።

ጥር 18
ትናንት ሸኹ፣ «እጁን ያዘው» አሉኝ። ክርኔን ከጎኔ አጣበቅኩ። ዘረጋሁ። እጄ የዑመይርን እጅ አልፎ ደረቱን መታው። ልጁ በሁለት እጁ ያዘኝ፤ አልለቀቀኝም። «ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ሰዉ ዓይኑን ይጠርጋል። ትልቁ አጎት፣ «አብሽር ሸረፋ፣ አንድ ልጅ መስጠት እንዴት አይከብድ!» አሉ። በቃኝ። በሰው ሁሉ ፊት፣ «በሽታ ነው። የነርቭ በሽታ። ሁለት ዓመቴ» አልኩ።

«ልክ ነህ፣ እኔም የመጀመሪያዋን ስድር እንዲሁ አሞኝ ነበር» አሉና አቀፉኝ። ማንም አላመነኝም።

ዛሬ ዘይባ ቁርስ ለሦስት አቀረበችና አንዱን ሳህን መልሳ አነሳች። ሰዎቹም ያን ያህል አልተሳሳቱም።