ለሊሴ የምትስላቸው መሣሪያዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ከቀኑ 11 ሰዓት

ወርክሾፑን ቆልፌ ገባሁ። እጄ ገና ብየዳ ብየዳ ይሸታል። ለሊሴ ዛሬ ደግሞ የሰይፍ ሥዕል ላከችልኝ። ቁመቱ ባለቤቱን ያህላል፣ ስፋቱ የግቢ በር። ጀግናው በአንድ እጁ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ፈገግ ብሏል። ከመኪና ባሌስትራ ብረት ቢሠራ ብዬ አሰላሁት። ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ግማሽ ኩንታል ስንዴ ተሸክሞ ፈገግ የሚል ሰው እስካሁን አላየሁም።

ይህንኑ ጻፍኩላት። መያዣው ለአንድ መዳፍ አይበቃም፣ ክብደቱ በሙሉ ጫፉ ላይ ነው፣ አንዴ ከሰነዘረው ራሱ ተከትሎት ይሄዳል አልኳት። ባለፈው ሳምንት የላከችው ቀስት ክንዶቹ ላይ ስለት ነበረው። የገዛ ገመዱን ይቆርጣል ብዬ መለስኩት። ከዚያ በፊት የሚነድ ጎራዴ። ብረት እንደዚያ ከጋለ ይልፈሰፈሳል።

ስማኝ ማስታወሻ፣ አንተ አታውቃትም። ለሊሴ የሲሬ ልጅ ናት። እዚሁ አሰላ፣ እኛው ኮሌጅ፣ ድሮዊንግ ታስተምር ነበር። የመምህራን ክበብ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሻይ እንጠጣ ነበር፣ በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ከዚያ አ.አ. ያሉ የስልክ ጌም የሚሠሩ ልጆች ጠሯትና ሄደች። ሥራዋ ለጌም ተዋጊዎች መሣሪያ መሳል ነው። እየሳለች ትልክልኛለች፣ እኔ የብረታ ብረት መምህሩ ይሠራል አይሠራም እላለሁ። እስካሁን ይሠራል ያልኩት አንድም የለም። እሷም መላኳን አልተወችም።

የእሷ ወንበር ላይ አሁን የሒሳብ መምህሩ ይቀመጣል። ጥሩ ሰው ነው። ግን እዚያ ሲቀመጥ ባየሁት ቁጥር ይከፋኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሰይፉን በልኩ ሠራሁት። ከተራረፈ ላሜራ፣ ውስጡ ባዶ። እንዲያም ሆኖ ክንድ ይገነጥላል።

ቤት ማድረሱ ሌላ ጦርነት። ባጃጅ ውስጥ አልገባ አለ። ጋሪ ላይ ጫንኩት። ባለጋሪው የበር ክንፍ መስሎት ሁለተኛውስ የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። ሰይፍ ነው ስለው ፈረሱን አቁሞ ዞሮ አየኝ። ብቅል ፋብሪካው ጋ ስንደርስ ነፋስ መታው፣ ሰይፉ ዞረ፣ እኔም አብሬው ዞርኩ። መንገደኛ ሳቀ። ባለጋሪው ከሁሉም አብልጦ ሳቀ።

ግቢ ስገባ በሁለት እጄ አንስቼ ቆምኩ። አከራዬ አዴ ፋጡማ ፎቶ አነሱኝ። ግማሽ ጭንቅላቴ ተቆርጧል። እንደዚያው ላክሁላት።

መልሷ በድምፅ መጣ። ቃል የለውም፣ ሳቅ ብቻ። መጨረሻ ላይ ትንፋሿን ስትሰበስብ ይሰማል። ደጋግሜ ሰማሁት። ራቴ ቀዘቀዘ፣ አሁንም እየሰማሁት ነው። ናፈቀችኝ። ለማንም ብዬ አላውቅም፤ ይኸው ላንተ ጻፍኩልህ።

እሑድ፣ ኅዳር 7። ጠዋት

ብርድ። ጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ለሊሴ ደወለች። እሑድ ጠዋት ደውላ አታውቅም።

ናይሮቢ ሥራ አግኝታለች። ትልቅ ጌም ሠሪ ነው፣ የሁለት ዓመት ውል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪን ብለዋታል። ይህን ነግራኝ ዝም አለች።  እኔ የምናገርበት ቦታ እንደሆነ ገብቶኛል። እና ምን አልኩ? እንኳን ደስ አለሽ። አመሰገነችኝ። ከዚያ ስለ ብርዱ አወራን።

አትሂጂ ልላት አልችልም። ምኗ ነኝ? ሰይፍ መዛኟ። ደግሞም እንዲህ ያለ ዕድል መጥቶላት ለኔ ብለሽ ቅሪ ማለት ግፍ ነው። ግን ከተዘጋ ጀምሮ የቆዩ ሥዕሎቿን እያየሁ ነው። 

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከቀኑ 11 ሰዓት

አዲስ ሥዕል። ይሄኛው ከሌሎቹ ይለያል። ሁለት ሠራዊት ተፋጥጧል፤ ሁሉም በር የሚያህል ሰይፉን፣ ባለቀንድ ጋሻውን፣ በሰንሰለት የሚወረወር መጥረቢያውን ይዟል። መሐላቸው አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማለች። በእጇ ቀጭን፣ ረዥም በትር። ሌላ ምንም የላትም። ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ፦ ይሄስ?

ደስ አለኝ። ከእሑዱ በኋላ ወደ ጨዋታችን ተመለስን ብዬ በትጋት ጻፍኩ። ከአውራ ጣት አይወፍርም፣ ስለት የለው፣ ብረት የለው፤ የመጀመሪያው ምት ላይ ለሁለት ይሰበራል፤ ሴትዮዋ አንድ ደቂቃ አትቆይም። እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የማይረባው መሣሪያ ይሄ ነው አልኳት። ጥጃ እንኳ አይነዳም ብዬም ጨመርኩበት።

ሳቋን እየጠበቅሁ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አንብባዋለች። መልስ የለም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን ያለ ጥፋታቸው ተቆጣሁ።

ማታ አንድ መልእክት ጻፍኩና አጠፋሁት። ሌላ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁ። ምን እንዳስቀየምኳት ባውቅ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለማላውቀው ጥፋት ይቅርታ እንዴት ይጠየቃል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከምሽቱ 1 ሰዓት

 ከጠዋቱ ልጀምር።

ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ተጠርቼ ሄድኩ። የኮምባይነር ማጨጃ ተሰብሮ ብየዳ ፈልገው ነው። ስንዴው ደርሷል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ አንድ ኮምባይነር ለስንት ማሳ። በይጄ ሳልጨርስ ሁለት ጎረቤታሞች በተራ ተጣሉ። ተራው የኔ ነው፣ የኔ ነው። አማርኛው ቀረና በኦሮምኛ ሆነ፣ ፈጠነ፣ አልያዝ አለኝ። አንደኛው ከመሣሪያ ሳጥኔ የብረት ዘንግ አነሳ። ሌላው መጥረቢያ ይዞ መጣ። ዘመዶቻቸውም ከኋላ ከኋላ ዱላ ይዘው ቆሙ። እኔ ኮምባይነሩ ሥር ነኝ። ዛሬ ሰው ይሞታል ብዬ አሰብኩ።

ሴቶች መጡ። ከየቤቱ፣ ሳይሮጡ። ከፊት አንዲት ባልቴት። በሁሉም እጅ ቀጭን፣ ረዥም በትር። በሁለቱ ሰዎች መሐል ገብተው ቆሙ። አልመቱም፣ ለመምታትም አላነሱትም፣ ያዙት ብቻ። ባልቴቷ «ዲሳ» አለች፣ ተዉ ማለት ነው። መጥረቢያ የያዘው ሰውዬ፣ ትከሻው እንደ በሬ፣ መጥረቢያውን መሬት አስቀመጠ። የኔ ዘንግም ወደቀ። አንድም ሰው በትሩን አልፎ አልሄደም። ወዲያው ሽማግሌዎች ተቀመጡና ተራውን መነጋገር ጀመሩ።

በትሩን አውቀዋለሁ። አንድ ደቂቃ አያቆይም ያልኩት እሱ ነው።

እንዴት ብየዳውን እንደጨረስኩ እንጃ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብዬ በቀጥታ አዴ ፋጡማ ዘንድ ገባሁ። ሲንቄ ነው አሉኝ። ስሙን በየባንኩ ሰሌዳ ላይ ሳነበው ኖሬያለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ ከቤት ወርክሾፕ፣ ከወርክሾፕ ቤት። ሲንቄ የያዘች ሴት መሐል ከገባች ጠብ ይቆማል፣ እሷን አልፎ የሚመታ ወንድ ይረገማል አሉኝ። ከየት ታገኘዋለች አልኳቸው። ከእናቷ አሉ። ልጅቱ የምታገባ ቀን እናቷ በእጇ ትሰጣታለች፤ የራሳቸውንም ከጓዳ አምጥተው አሳዩኝ፣ ከመያዝ ብዛት ለስልሷል።

ሥዕሉን አወጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጥጃውንም ሳልደብቅ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺ ልጅ መሣሪያ አላሳየችህም» አሉኝ።

ሌላ አልጨመሩም። ራት ብላ አሉኝ፣ አልቻልኩም።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከቀኑ 9 ሰዓት

ደወልኩ። አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ። ሦስተኛው ላይ አነሳች።

ሰላምታዋ ቀዝቃዛ። ትናንት ያየሁትን ነገርኳት፣ ኮምባይነሩን፣ ባልቴቷን፣ መጥረቢያው መሬት ሲቀመጥ። አላቋረጠችኝም። ከዚያ ተናገረች። ስትናደድ እንደምታደርገው ቀስ ብላ። እዚህ አገር ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ስለ እኛ አንድ ነገር ጠይቀህ አታውቅም አለችኝ። ሰይፍ ሁሉ ውሸት እንደሆነ ታውቃለች፣ እኔ እንድነግራት አይደለም የምትልከው፤ የምትልከው ጽሑፌ እንዲመጣላት ነው። እናቷ ሲንቄዋን አዘጋጅታ ካስቀመጠች ቆይታለች። ናይሮቢውን ስትነግራት እናቷ በትሩን አውጥታ እያየች አለቀሰች። ሥዕሉን ያን ቀን ማታ ነው የሳለችው። እኔ ጥጃ አይነዳም አልኩ።

ይቅርታ ጠየቅሁ። አሁን ምን እንደምጠይቅ አውቃለሁ። ከዚያ ለራሴ እንኳ ሳላስታውቅ ወጣ፦

«ለሊሴ፣ እናትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?»

 በስልኩ ውስጥ የአ.አ. መኪና ይሰማል። ሃሎ አልኩ።

«ናይሮቢ እሄዳለሁ» አለች። «ሽማግሌ ግን ላክ።»

እሺ አልኩ። ማልቀሷን ሰማሁ፣ እኔም አፍንጫዬ ሞላ፣ ሁለታችንም ብርዱ ነው አልን። ናይሮቢ ክረምቱ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ሁለት ዓመት። ዕረፍት ይሰጧት አይሰጧት ገና አላወቀችም። ደስ ብሎኛል፣ ደግሞ ካሁኑ ናፍቃኛለች፣ ሁለቱም አንድ ላይ ደረቴ ውስጥ ናቸው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት

የአዴ ፋጡማ ባል ሐጂ ከድር እሺ ብለዋል። ሲሬ ዘመድ አላቸው፣ የለሊሴን እናት በስም ያውቋቸዋል። የሒሳብ መምህሩንም ለመንኩት፣ ሱፍ አለኝ አለ። የፊታችን ቅዳሜ በጠዋት ይሄዳሉ። እኔ አልሄድም፣ ደንቡ አይደለም። እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

የቀረኝ አባቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ሆኖ ዓመት በመጣ ቁጥር ዝውውሩስ ይለኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፣ ቤቱን ለኔ ብሎ አሳድሶታል። ዘንድሮ ዝውውር አልጠይቅም። የማገባት ልጅ ናይሮቢ ልትሆን ነው፣ እኔ እሷ በሌለችበት በእሷ አገር ልጠብቃት ነው። ቋንቋዋንም እየተማርኩ። ይህን ለሽማግሌ ሰው ምን ብለው ያስረዱታል? ግን ከሰው አፍ ከሚሰማው ከኔ ይስማው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ደወልኩ። እየጠራ ነው። አባዬ ስልክ ለማንሳት ጊዜ ይወስድበታል፣ ከጓሮ ነው የሚመጣው። ሲያነሳ ከሁሉ አስቀድሜ የምለው... አነሳው።