ከፉሪ የሚመጣው ደንበኛ

ጎፋ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 4 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለጸደንያ፣ ቤይሩት፤

ልጄ፣ አዲሱን ዓመት እንዴት ተቀበልሽው? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ወገቧን አልፎ አልፎ ይይዛታል እንጂ ደህና ናት። የእኔን የእጅ ጽሑፍ ስታዪ ክፉ ወሬ መስሎሽ እንዳትደነግጪ። የማወራሽ የሱቃችንን ጉዳይ ነው።

ባለፈው ዓመት ለሜሳ የሚባል ሰው ፊት ለፊታችን ሱቅ ከፈተ፣ ባለ ፍሪጅ። ሰፈርተኛው ቀዝቃዛ ለስላሳ ሲያይ መንገዱን ተሻግሮ ቀረ። እናትሽን ታውቂያታለሽ፣ ሰው ሲተክዝ አይሆንላትም። "አንተ ሰውዬ፣ ተቀምጠህ ከምትቆዝም አብዝቶ የሚገዛህን ለይተህ አመስግን" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሃያ ዓመት ስነግድ ለሁሉም ስኳር ቆንጥሬ እመርቃለሁ እንጂ ማን አብዝቶ እንደሚገዛኝ ለይቼ አላውቅም።

ዘዴውንም ያመጣችው እሷ ናት። ከሲጋራ ካርቶን ካርድ ቆራረጠች፣ እኔ ማኅተሜን መታሁበት። የአሥር ብር ዕቃ ለገዛ አንድ ካርድ፤ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ብዙ ካርድ ይዞ ለመጣ ደግሞ በግ። ይህንኑ ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍነው። እኔ አሸናፊዋን በልቤ ጨርሻለሁ፤ ቡዜ ናት፣ ባለ ምግብ ቤቷ። ዘይቱንም ዱቄቱንም ከእኔ ነው የምትወስደው። ይባስ ብዬ በጉን ስገዛ ይዣት ሄድኩና ራሷ ላቱን እየዳበሰች መረጠችው።

ጳጉሜ አምስት ከሰዓት በኋላ ሰው ካርዱን ይዞ ተሰበሰበ። ቡዜ መቶ አርባ ቆጥራ የበጉን ገመድ ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ኢፋ ከኋላ መጣና አንድ ፌስታል ሙሉ ካርድ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። ሁለት መቶ ሦስት። አዎ፣ ያው ኢፋ ነው፤ የፉሪው ገበሬ የአቶ ሂርጳ ልጅ፣ ሽማግሌ ልኮ አንቺን የጠየቀን።

ሰው ሳቀ። "ላጤ ሰው ይህን ሁሉ ሳሙናና ዘይት ምን ያደርገዋል?" አለች ቡዜ፣ ፊቷ ቅጭም ብሎ። "የሰፈሩ ሰው ነው የሚልከኝ" አለ። ኋላ እንደሰማሁት የላከው ሰው የለም። ራሱ ቤት ለቤት እየዞረ "ምን ላምጣላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት አህያ እየነዳ፣ በሀና ማርያም በኩል ስንትና ስንት ሱቅ አልፎ እኔ ዘንድ ይመጣል።

ለምን እንደሚመጣ እኔ መች አጣሁት። ዕቃውን ጭኖ ሲያበቃ አይሄድም። "ሁሉም ደህና ናቸው፣ ጋሼ?" ይለኛል። "እግዚአብሔር ይመስገን" እለዋለሁ። "ሁሉም?" ይላል ደግሞ። ስለ ማን እንደሚጠይቀኝ እያወቅሁ ቀና ብዬ አላየውም ነበር። ሆድ ይብሰኝ ነበር መሰለኝ።

ሰው ሲበተን ገመዱን መልሶ እጄ ላይ አኖረው። "ጋሼ ግዛው፣ በጉን ለእትዬ ቡዜ ይስጧቸው፣ ቅር ብሏቸዋል። እኔን መሸለም ከፈለጉ የጸደንያን አድራሻ ይስጡኝ። ባትመልስልኝም ግድ የለም፣ እንደምን አለሽ ልበላት" አለኝ።

"እሷን ሳልጠይቅ አልሰጥም" አልኩት። አልተቀየመም። "እንግዲያው ይጠይቁልኝ" ብሎ አህዮቹን ነዳ።

ስለዚህ እየጠየቅሁሽ ነው። መልስ ከመስጠትሽ በፊት ግን አንድ ነገር እወቂ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር። በመጀመሪያው እንደ ወጉ "ዘመድ ላማክር" ብዬ ቀጠርኳቸው። በሁለተኛው "እናስብበት" ብዬ ቀን ሳልቆርጥ ሸኘኋቸው። ሽማግሌን ቀን ሳይቆርጡ መሸኘት እምቢ ማለት ነው። ለእናትሽ ረስቼው ነው አልኳት። አልረሳሁም፣ ጸዲዬ። ደግመው ደጋግመው እስኪለምኑኝ ድረስ አንድ ዓመት እንኳ ባንኮኒው ጋ አብረሽኝ ብትቆሚ ብዬ ነው። ሦስት እሁድ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ጠበቅኋቸው። አልመጡም። አንቺ ፓስፖርትሽን አወጣሽ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሻል ይሄ ነው።

በጣም ናፍቀሽኛል። አሁንም ከጓዳ ሆኜ ሰው ሲመጣ "ጸዲ፣ እስቲ እዪው" እላለሁ። እናትሽ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈኛለች፤ ተነስቼ እኔው እሸጣለሁ።

እና ልስጠው? አንድ ቃል ጻፊልኝ። አትስጥ ካልሽም ራሴ እነግረዋለሁ፣ በሰው አልክበትም። እሺ ብለሽው ብትመለሺ ግን እሱን ብለሽ ብቻ አትምጪ፤ እኛም አለን።

በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። ደግ እመቤት ይስጥሽ። ድካምሽን ለቁም ነገር ያድርግልሽ፣ እኔንም ዓይንሽን ሳላይ አይውሰደኝ።

ኢፋ ያን ሁሉ መንገድ የተመላለሰለት አድራሻ ሁለት ዓመት ሙሉ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። እያወጣሁ ሳነበው ወረቀቱ በእጥፋቱ ተቀዷል። የሚደርስሽ ደብዳቤ ሁሉ ግን የእናትሽ ነበር፤ እኔ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ። የሱቅ ወሬ ባላገኝ ኖሮ ዛሬም አልጽፍልሽም ነበር።

አባትሽ
ግዛው