ስለዚያ ጥቁር የሻይ ሳህን

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ቤቱን እንደተውሽው ለማቆየት ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። አልጋሽን ለጎረቤት ሰጠሁት። ወንድሜም ለሥራዬ ይቀርበኛል ብሎ ፕሊማውዝ ከተማ ገብቷል። ያ ጥቁር፣ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ግን እዚያው መስኮቱ ሥር አለ። ሪችፊልድ ከተማ ቤታቸው እየሄድሽ ትንከባከቢያቸው የነበሩት ጃፓናዊት አዛውንት ሰጡኝ ያልሽኝ፣ ጠርዙ የተንጋደደው፣ እጅ ያሞቃል እያልሽ ሻይ የምትጠጪበት።

ባለፈው ወር ልጃቸው ደወለ። ሳህኑ በእጅ የተሠራ፣ በአገራቸው የሻይ ሥርዓት ላይ የሚቀርብ የቤተሰብ ዕቃ መሆኑን በትሕትና ነገረኝ። ትሕትናው አላማረኝም። በሕይወት ሳለሽ ያልጠየቀውን፣ አሁን መልስ መስጠት በማትችይበት ጊዜ ለምን ይጠይቃል? ሰረቀች አላለም። እናቱ ለሰው መስጠታቸውን እንደማያውቅ ግን ደጋግሞ ነገረኝ። ስልኩን ዘግቼ ሳህኑን ሳገላብጥ አንቺንም ጠረጠርኩሽ። እንዲህ ያለ ዕቃ ለሠራተኛ ይሰጣል?

ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት፣ ይዘሽው ነይና ሻይ እንጠጣ ብሎኝ ነበር። ሳህኑን በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ቅዳሜ ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጁ ተንበርክኮ ሳህኑን በሙቅ ውኃ አለቀለቀ፣ አረንጓዴ የሻይ ዱቄት ጨመረ፣ በቀርከሃ መምቻ አረፋ እስኪያወጣ መታው። ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። እናቱ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ያያሉ። ሻዩን ሲሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ሳህኑን ቀስ ብለው አዞሩና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ሙሉ፣ የራስሽ ሳህን አይደል? ጠጪበት እንጂ» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

ባንቺ ስም ጠሩኝ፣ እማዬ። ልጁ አቀረቀረ። ጠጣሁት፤ ይመራል። ከዚያ ሳህኑን አጥቦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ መለሰልኝ። በሩ ላይ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እናቱ የእሱን ስም ከጠሩ እንደቆዩም ነገረኝ።

እኔ ግን መኪና ውስጥ ገብቼ ጨርቁን ፈታሁና ከፎቶው ጋር አስተያየሁት። ራሱ ነው፤ አልቀየረብኝም። ያኔ አለቀስኩ።

ሰውየውን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። አንቺን ግን ከእንግዲህ ማንም ቢደውል፣ ምንም ቢለኝ አልጠረጥርሽም። ሰው ሁሉ ታታሪነትሽን እያነሳ ያስታውስሽ፤ እኔ የማስታውስሽ የልጃቸው ስም የጠፋባቸው ሴት ያንቺን ስም ሲጠሩ ነው።

ልጅሽ