ሬዲዮ ዝም ያለችበት ሳምንት

ውድ ጋሼ፣

«ይሄ ስክሪን እስኪነቃ ሰው ይሞታል!» የሚል ድምፅ ከደረጃው ሥር ስለሰማሁ ሥራዬን ጥዬ ወረድኩ። የሞተ ሰው አላገኘሁም። የዓይን ታካሚዎቻችን ሁሉ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ አንዱ እንዲያውም ያንኮራፋል፣ ማንኮራፋት ደግሞ እስከማውቀው የመኖር ምልክት ነው። ተናጋሪዋ እንግዳ ተቀባያችን ነበረች። ድምፅዋ ያለ አንቴና ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል ብለው «ሬዲዮ» የሚል ስም ያወጡላት እርስዎ ነዎት።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«እኔ!» አለችኝ፤ ቆርቆሮ በማንኪያ የሚፋቅ ይመስላል። «የጉሮሮ ሐኪሙ ‹ከእንግዲህ ከጮኽሽ ድምፅሽ ሄዶ ይቀራል› ብሎኛል። እዚህ ካልጮኽኩ ደግሞ ማን ተራውን ያውቃል? አንቺ እንደሆንሽ ፎቅ ላይ ተቀምጠሽ ኮምፒውተር ትደባብሻለሽ።»

ዘበኛው በሩ ላይ ሆኖ፣ «ሬዲዮ ካልጮኸ ምኑን ሬዲዮ ሆነ?» አለ።

«አንተ ዝም በል፣ ድንጋይህ ያለቀ!»

ይህን ሲያነቡ ስቀው ይሆናል። እኔም ስቄ ነበር፤ ደረጃውን ስወጣ ግን ሳቁ ተወኝ። ይህች ሴት ለልጆቿ ተረት የምትነግረውም፣ ከባሏ ጋር የምትጨቃጨቀውም በዚያው ድምፅ ነው። ሌላ መለዋወጫ የላትም።

የስክሪኑን ነገር ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ቢሆንም ካልዘረዘርኩት አይወጣልኝም። ሐኪሙ «ቀጣይ» የሚለውን ሲጫን ሰርቨሩ ወዲያው ያውቃል። ስክሪኑ ግን በየደቂቃው እየሄደ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ካልጠየቀ የሚነግረው የለም። በመካከሉ ሐኪሙ በሩን ከፍቶ «የታለ ሰው?» ይላል፣ ሬዲዮም ትጮኻለች። ዌብሶኬት የሚሉት ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ስልኩ አንዴ ይደወላል፣ ሳይዘጋ ይቆያል፣ ወሬ ሲኖር ወዲያው ይነገራል። ሲስተማችን የቆመበት መሠረት የሆነው ፍሬምወርክ በአዲሱ ቨርዥኑ ይህ አለው። እርስዎ ሲስተማችንን የሠሩበት ቨርዥን ግን እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ በሕልሙም አላሰበም።

ሥራ አስኪያጃችን «ታዲያ ወደ አዲሱ ቀይሪዋ!» አለችኝ፣ አምፖል የሚቀየር ይመስል። ሞከርኩት። ቀጠሮውን ሳስነሳ የመድኃኒት ማዘዣው ወደቀ፤ ማዘዣውን ሳነሳ ቀጠሮው ወደቀ። የቀረኝ መንገድ ዌብሶኬቱን ከአዲሱ ቨርዥን ነቅሎ አሮጌው ላይ መትከል ነበር። ከአዲስ ኮት እጅጌ ቆርጦ አሮጌ ኮት ላይ እንደመስፋት ነው። እጅጌው ያምራል፣ ብብቱ አይገጥምም።

ብብቱን ስፈልግ ኮድዎ ውስጥ የጻፉትን አገኘሁ፦ «እዚህ ጋ ከመንካታችሁ በፊት ደውሉልኝ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። ቆይቼ ደወልኩ፣ አሁንም ተይዟል። ለካስ ቁጥሩ ድሮ የእርስዎ የነበረው፣ አሁን እኔው ተቀምጬ የምደውልበት ጠረጴዛ ስልክ ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ በምሳ ሰዓት አደረግኩት። የመጠበቂያ ክፍሉንና የኮሪደሮቹን አራት ስክሪኖች አገናኘሁ፤ ሁሉም በአንዴ ነቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ኩራቴ ሳይበርድ ገንዘብ ተቀባይዋ እያለከለከች ደረጃውን ወጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሽው ነው? ሁሉም ነገር ስታክ አደረገ!»

«ዘመናዊ አደረግኩት።»

«እንግዲያው አሮጌ አድርጊልን!»

እውነቷን ነው። አሮጌው ፍሬምወርክ ያሉት አስተናጋጆች አራት ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ አንድ እንግዳ ይቀበላል፣ መልሱን ሰጥቶ ይሸኛል፣ ሌላ ይቀበላል። ዌብሶኬት ግን «በሉ ደህና ዋሉ» ማለት የማያውቅ እንግዳ ነው። አራቱ ስክሪኖች አራቱን አስተናጋጆች ይዘው ቁጭ አሉ፤ ከፋዩም ቀጠሮ ፈላጊውም ደጅ ቀረ።

የዚያን ዕለት ክፉኛ ናፈቁኝ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ «አይዞሽ፣ ኮድ ነው እንጂ ሰው አልገደልሽም» የሚለኝ አጣሁ። ሴት ልጅዎ ዘንድ ለመኖር የሄዱ ዕለት «እንኳን ደስ አለዎት» ነበር ያልኩዎት። ልል የፈለግኩት «የት ጥለውኝ ነው?» የሚል ነበር፤ ነገር ግን የመሸኛ ኬክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም።

በማግስቱ ለማይሄዱት እንግዶች ለብቻቸው ክፍል ሠራሁላቸው፤ ሁሉንም በአንዴ ማጫወት የሚችል አንድ አስተናጋጅ ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። አሮጌው ወሬውን ለእሱ ያቀብላል፣ እሱ ለስክሪኖቹ ያዳርሳል። ከአዲሱ ቨርዥን ካመጣሁት ግማሹን አሮጌው በሚገባው አነጋገር እንደገና ጻፍኩት። የእርስዎን መስመሮች ያልነካሁት ከአክብሮት ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ ፈርቼ ነው።

ሰኞ ተጀመረ። ሐኪሙ «ቀጣይ»ን ተጭኖ ጣቱን ሳያነሳ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ተራው ያለፈው ሰው የለም። ከሬዲዮ አፍ ቃል አልወጣም። ዘበኛው «ይሄ ቤት ዝም ሲል ያስፈራል፣ የሆነ ነገር ሊመጣ ነው» እያለ ግቢውን ደጋግሞ ይዞራል። ሥራ አስኪያጃችን ወርዳ አጨበጨበች፣ ከስክሪኑም ጋር ፎቶ ተነሳች። ሬዲዮ ስታየኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ትልልኛለች። ትናንት ያያት የጉሮሮ ሐኪምም «እንዲህ ከቀጠልሽ ድምፅሽ ይተርፋል» ብሏታል። ይህን የሰማሁ ጊዜ ደስታዬን የማካፍለው ሰው ፈልጌ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት።

ልጅዎንና የልጅ ልጆችዎን ይሳሙልኝ። ኮዱን እልክልዎታለሁ፤ ይዩትና ይቆጡኝ፣ ቁጣዎም ናፍቆኛል። እዚህ ላይ ልሰናበትዎ ነበር። ግን ዛሬ ጠዋት የእጄን ሥራ ተቀምጬ ልየው ብዬ ከታካሚዎቹ መካከል አንድ ወንበር ያዝኩ።

ቁጥሩ ተቀየረ። ቀና ያለ ሰው የለም። አጠገቤ ያሉት አዛውንት የተራ ወረቀታቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ቁጥሩ የእሳቸው ነው።

«አባባ፣ ተራዎ ደርሷል እኮ» አልኳቸው።

«የቱ ጋ ነው የሚታየው፣ ልጄ?» አሉኝ፣ ወደ ግድግዳው ሰዓት አንጋጠው።

በአጠገባችን የምታልፍ ነርስ ሰምታን ነበር። «ጠብታ አድርገንላቸዋል እኮ» አለችኝ። «ሐኪሙ ጋ ከመግባታቸው በፊት ለሁሉም ይደረጋል። እስኪለቃቸው ጽሑፍ አይለዩም። ድሮም እንዲሁ ነው።»

ሬዲዮ መጣች። የሽማግሌውን ትከሻ ነካ አድርጋ፣ ክንዳቸውን ይዛ፣ ቀስ እያለች ወደ ሐኪሙ በር ወሰደቻቸው። እዚህ ቤት ስክሪኑን የምታነበው እሷ ብቻ ናት።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከላይኛው ፎቅ