ሕመምተኛ መሬት አይቀመጥም፦ የአቶ አንሙት ገሠሠ የሕይወት ታሪክ (1899–1974 ዓ.ም.)

አቶ አንሙት ገሠሠ ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ ውዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብረወርቅ ያርጋል በ1899 ዓ.ም. ከደባርቅ ከተማ በላይ ባለው ዳገት፣ ዛሬ በተሰበሰብንበት አጥቢያ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአጥቢያው የኔታ ተምረው፣ ዳዊቱን ሳይጨርሱ አባታቸው ስላረፉ ወደ እርሻ ተመለሱ። በ1923 ዓ.ም. ወይዘሮ ገበያነሽ ማዕረግን አግብተው፣ ይህን የጻፍሁትን እኔን ጽጌሬዳንና ወንድሜን ሀብተ ሚካኤልን አፍርተዋል። እናታችን በ1970 ዓ.ም. አርፈዋል።

አባታችን ገበሬ ይባሉ እንጂ አገር የሚያውቃቸው በቃሬዛ ነው። ከጨነቅ፣ ከአምባራስ፣ ከበየዳ የታመመውን ሁሉ ከጎረቤት ጋር ተሸክመው ደባርቅ መኪና መንገድ ድረስ ያወርዱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከቃሬዛው አራት ጫፍ የፊቱን ቀኝ ማንም አልተሻማቸውም። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ሕመምተኛ መሬት አይቀመጥም፣ ትከሻ የሚቀያየረውም እየተሄደ ነው። እንረፍ የሚል ተሸካሚ ሲገጥማቸው "አንተ ደከመህ እንጂ እሱ መች ዳነ?" ይሉ ነበር።

በ1946 ዓ.ም. የክርስትና ልጃቸው ሻረው በስድስት ዓመቱ በየዳ ላይ በተስቦ ሲወድቅ ሦስት ቀን ተሸክመውት ወረዱ። ከዳነ በኋላ ወላጆቹ በሕይወት ስላልነበሩ ከእኛ ጋር ከአንድ መሶብ እየበላ አደገ። በ1968 ዓ.ም. ሻረው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆኖ ሲመረጥ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አባታችን ናቸው።

በመስከረም 1974 ዓ.ም. ልባቸው ደክሞ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥተው ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምንጨምረው የለም ሲሉ አንድ ነገር ለመኑኝ፤ በቤቴ ልሙት አሉ። ያን ሁሉ መንገድ በመኪና አይችሉትም ተባለ። ስለዚህ የአውሮፕላኑ ወንበሮች ታጥፈው ቃሬዛ ተዘረጋላቸው፤ ሲስተር ስጦታ የምትባል ነርስም ኦክስጅኑን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። "መልካም ቃሬዛ ነው፤ ተሸካሚው አይታይም እንጂ" አሏት። ጥር 18 ቀን አዘዞ አየር ማረፊያ ወርደን፣ ሲስተር ስጦታ ከአውሮፕላኑ ጋር ስትመለስ እኛ በላንድሮቨር ቀስ እያልን በዳባት በኩል ደባርቅ ገባን።

ከመኪናው መንገድ ቤታቸው ድረስ የሚወጣው በእግር ነው። ተሸካሚ እንዲልክልን ከሳምንት በፊት ለሻረው ቴሌግራም ልኬ ነበር፤ እሱም ፈርሞ ተቀብሏል። ተቀብሎም ለሕዝቡ አንሙት አዲስ አበባ ሞተው እዚያው ተቀበሩ ብሎ ተናገረ። ቤታቸውን የማኅበሩ እህል መጋዘን አድርጎት ነበርና መመለሳቸውን አልፈለገም። አገሩ ድንኳን ተክሎ አለቀሰ፤ ሻረውም አብሮ አለቀሰ።

መንገድ ዳር የጠበቀን አንድ ሰው አልነበረም። ሾፌሩም ተመለሰ። አባታችን ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት መሬት ላይ ተኙ። ሕጋቸውን ያፈረሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ።

ከገበያ ሲመለሱ ያገኙን ጎረቤታችን ወይዘሮ አረጋሽ አማተቡ። "አያ አንሙት፣ እኛኮ አልቅሰን እርማችንን አውጥተናል" አሏቸው። አባታችንም "ለቅሶው ካለቀማ ሸክሙ አያቅታችሁም" ብለው መለሱ። ቃሬዛ የወንድ ነው በሚባልበት አገር ስምንት ገበያተኛ ሴቶች ነጠላቸውን አደግድገው፣ መሬት ሳያስነኩ ዳገቱን አወጧቸው። ቤታቸው ግን የማኅበሩ ቁልፍ ተቆልፎበት ነበር። ሻረው ለስብሰባ ዳባት ሄዷል ተባለ። አባታችን የገዛ ደጃቸውን አይተው አለፉ።

በወይዘሮ አረጋሽ ቤት አሥራ ስድስት ቀን ተኝተው፣ የካቲት 4 ቀን 1974 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው በሰው ቤት አረፉ። ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል።

ኑዛዜያቸው አንድ ነው። ሻረው ያሳደግሁት ልጄ ነውና አስከሬኔ ሲወጣ የፊቱን ቀኝ እሱ ይያዝ ብለዋል። እኔ ይቅር አላልሁትም፤ በአባቴ ቃል ላይ ግን ቃል አልጨምርም። ሻረው ከመካከላችን ቆሟልና ይምጣ፣ ይያዝ።

የትከሻቸውን ድካም የቆጠረ አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ከዚህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ሻረው፣ ቢከብዱህም መሬት አታስቀምጣቸው።