በፈቃደኝነት ስለተቀበልነው ኮምፓይለርና ተካይ ስላጣው ድንኳን

ለተከበራችሁ የ«ማገር» ድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ የበላይ ጠባቂዎች፣
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የሀና ማርያም ሰዎች ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ሚካል እባላለሁ፤ ላፍቶ ባለ አንድ ቢሮ ድረ ገጽ እየሠራሁ እተዳደራለሁ። የሰፈራችንን እድር ድረ ገጽም በእናንተው ማገር ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲያርፍ ጸሐፊያችን አቶ ከበበው ስሙንና የቀብሩን ሰዓት ያስገባሉ፤ አባላቱም ስልካቸው ላይ አይተው ለቀብር ይወጣሉ። በዚህ ተመክተን ጡሩንባ ነፊያችንን አቶ ደገፋን በክብር አሰናብተናል።

አንደኛ፤ የጻፍነውን ኮድ ተቀብሎ ስልክ እንዲያነበው አድርጎ የሚያሰናዳውን አዲሱን ኮምፓይለር የምንቀበለው «በፈቃደኝነት» መሆኑን ስለገለጻችሁልን እጅግ አመሰግናለሁ። በእኛ ሰፈር በፈቃደኝነት ከሚኬድበት ስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል። እናንተም «እሺ» የሚለውን ቁልፍ አረንጓዴና ትልቅ፣ «ይቆየኝ» የሚለውን ለዓይን የሚጠፋ ግራጫ አድርጋችሁ፣ ከሥሩ ደግሞ የድሮው ከመጪው ዓመት በኋላ ድጋፍ እንደማያገኝ ስትጽፉ፣ ምን እንዲህ አስቸኮላቸው ብዬ መጠርጠሬ ነውር ከሆነ ይቅር በሉኝ።

ሁለተኛ፤ ኮዳችሁን መንካት አያስፈልጋችሁም ብላችኋል። ሰው እንዲህ አጥብቆ አትድከሚ ሲለኝ እኔ ቦርሳዬን ነው የምዳስሰው። ሆኖም «እሺ»ን ተጫንኩ፤ ምነው እጄን በሰበረው!

ሦስተኛው ግን የሆድ ነው። ኮምፓይለራችሁ ፍጥነት እጨምራለሁ ብሎ፣ አልተለወጠም ብሎ የገመተውን የገጹን ክፍል እንደገና አይሠራም፤ የቀድሞውን ያቀርባል። ማን ጠየቀው? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ባለፈው ማክሰኞ አቶ እንግዳ አረፉ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእድሩን ድንኳን የተከሉ፣ ከማንም ለቅሶ ቀርተው የማያውቁ ሰው። አቶ ከበበው ስማቸውን በማለዳ ቢያስገቡም ገጹ ከሁለት ሳምንት በፊት የቀበርናቸውን ሴትዮ ስም እያሳየ ዋለ። አባላቱም ከፍተው አዩ፤ እኒህንማ ቀብረናል ብለው ወደየሥራቸው ሄዱ። የድንኳን ተካያችንን ድንኳን የሚተክል ጠፋ። አስከሬናቸውን አራት ጎረቤቶችና ሁለት ልጆቻቸው ተሸክመው ወጡ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዳሴም ለካ ሰው ጠልቶን ኖሯል እያሉ ሲያለቅሱ ዋሉ።

ስለዚህ በማግስቱ ገጽሽ ፈጥኗል ብላችሁ ለላካችሁልኝ የእንኳን ደስ አለሽ መልእክት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እውነታችሁን ነው፤ የተሳሳተውን ስም ዓይን ሳይርገበገብ ከች ያደርገዋል።

ለላቀው ትጋታችሁ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ ከእንግዲህ ግን ለምንም ነገር ፈቃደኛ ያልሆነች፣
ሚካል፤ ከሀና ማርያም

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ኮምፓይለራችሁን አጥፍቼዋለሁ፤ አቶ ደገፋንም ለምነን ከነጡሩንባቸው መልሰናል፤ በእኛ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ። አንድ ነገር ብቻ ላክል። የአቶ እንግዳ ቤት ከእኔ ቤት ሦስተኛው ነው። ማክሰኞ ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ የለቅሶ ድምፅ ሰምቼ ቆም አልኩ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ገጹን አየሁ፤ አዲስ ስም የለም። ታክሲ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ።