በአቶ እንደሻው ወልደ ጊዮርጊስ ዕረፍትና በሐረና ፊልማቸው መጥፋት የተሰማን ሐዘን

የሐረር የተፈጥሮ ፊልም ማኅበር መሥራቹንና የካሜራ ባለሙያውን አቶ እንደሻው ወልደ ጊዮርጊስን ሐምሌ 4 ቀን 1962 ዓ.ም. በሞት ተነጥቋል። ከባሌው ሐረና ጫካ ይዘውት በመጡት ንዳድ ታመው ሰንብተው በሐኪም ጋራ ሰፈር በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ መጽናኛም አላገኘንለትም።

አቶ እንደሻው በ1914 ዓ.ም. በሐረር ተወለዱ። ከነጻነት በኋላ በጀጎል ፎቶግራፍ ቤት ከፍተው የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ሲያነሡ ኖረዋል። በ1955 ዓ.ም. ይህን ማኅበር ሲያቋቁሙ ያገሩ ሰው፣ አውሬ ለማየት ባሌ ድረስ መሄድ ምን አመጣው፣ ጅቡ በየማታው ኤረር በር ይመጣ የለም ወይ እያለ ቀልዶባቸዋል። እሳቸው ግን ገሰላን፣ ያንን ጥቁሩን ነብር፣ በዱር እንዳለ በፊልም ለማስቀረት ቆርጠው ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ወደ ሐረና የመጀመሪያ ጉዟቸውን አደረጉ። ካሜራውን የጫነችው በቅሎ ጭቃው አንሸራቷት ከነጭነቷ ገደል ገባች።

በ1959 ዓ.ም. በሌላ ካሜራ ተመለሱ። ከዝናቡና ከጉሙ የተነሣ ሌንሱ ሻገተ፤ ፊልሙ እርጥበት ጠጥቶ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በቀትርም በቂ ብርሃን አይገኝም፤ አውሬው ቢገኝ እንኳ የካሜራውን ድምፅ ሰምቶ ይሸሻል። ከዚያ ጉዞ ቅጠል ብቻ አንሥተው ተመለሱ።

ዘንድሮ በግንቦት ባደረጉት ሦስተኛ ጉዞ ግን ተሳካላቸው። ገሰላዋን ከነደቦሎቿ ወንዝ ዳር ውሃ ስትጠጣ ማንሣታቸውን አልጋ ላይ ሆነው ለማኅበሩ ጸሐፊ ለአቶ ደምሴ ነግረዋል። ፊልሙ ውጭ አገር ተልኮ እስኪታጠብ በቆርቆሮው እንደታሸገ ቤታቸው ተቀመጠ።

በአገራችን ልማድ የሟች መሣሪያ ለቅሶው ላይ ይወጣል፤ የወታደር ከሆነ ጠመንጃው ተይዞ ይለቀስለታል። የአቶ እንደሻው ዘመዶችም ካሜራቸውን አወጡ። ቀጥለው ቆርቆሮውን ከፍተው ፊልሙን ዘረጉትና በቀትር ፀሐይ ከፍ አድርገው እያሳዩ አለቀሱላቸው። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ሲነካው እንደሚቃጠል የነገራቸው አልነበረም። አቶ ደምሴ ሲደርሱ ነገሩ አብቅቶለት ነበር። ማንንም አንወቅስም፤ ያደረጉት ለክብራቸው ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጡ ፊልሙ መበላሸቱን ሳያውቁ፣ ፊልሙ ለአርባቸው እንዲታይ ማኅበሩን ጠየቁ። ባላቸውን የወሰደችባቸውን አውሬ አንድ ቀን እንኳ ማየት ፈልገው ነበር። ማኅበሩም መርዶ እንደሚነገር ሁሉ ሽማግሌዎች መርጦ በማለዳ ላከባቸው። ወይዘሮ በለጡ ሰምተው ሲያበቁ «ታዲያ ለምን ሞተ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ጥያቄውን ይዘው ወደ ማኅበሩ ተመለሱ።

ማኅበራችንም እስከዛሬ መልስ አላገኘም። መልሱን ሳይዝ ለወይዘሮ በለጡ፣ ለልጆቻቸው፣ ለአቶ እንደሻው እኅት ለወይዘሮ ገላነሽና ለሙያ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይላል።

የሐረር የተፈጥሮ ፊልም ማኅበር
ሐረር፣ ሐምሌ 28 ቀን 1962 ዓ.ም.